አዲሱ ጊታር ላይ ጉድለት ቢገኝ፦ ይቀመጥ ወይስ ይመለስ?

ስንት ወር ያጠራቀማችሁለት ጊታር ደረሰ። ካርቶኑን ከፍታችሁ ብርሃን ላይ ስታዞሩት አንዲት ነገር ታየቻችሁ። ከዚያ ወዲያ ዓይናችሁ ሌላ አላይ አለ። መናደዳችሁ ልክ ነው፤ የከፈላችሁት ለአዲስ ዕቃ ነው። ግን ከመመለሳችሁም ሆነ «ይሁን» ከማለታችሁ በፊት አንድ ነገር መለየት አለበት። የተነካው ቫርኒሹ ነው ወይስ እንጨቱ? ቫርኒሹ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የዓይን ነው። እንጨቱ ወይም ኮላው ከሆነ ግን ጊታሩ ታሟል።

ለጊዜው ምንም አትንኩ። አትወልውሉ፣ ክር አትቀይሩ፣ ላስቲኩን አትላጡ፣ ካርቶኑን አትጣሉ። በቀን ብርሃን ከቅርብም ከራቅ ብላችሁም ፎቶ አንሱ። የመመለሻው ቀን መቼ እንደሚያልቅም እዩ።

ቀጭን መስመር አለ፤ ጭረት ይሁን ስንጥቅ አልለይ አለኝ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ጊዜ ስጡት። መጀመሪያ ጥፍራችሁን በመስመሩ ላይ አግድም አሳልፉ። ካልያዘው አብዛኛውን ጊዜ የቫርኒሽ ጭረት ነው። ከያዘው ገና አልተፈረደም። ቀጥሎ በመስመሩ ግራና ቀኝ በአውራ ጣቶቻችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን ጫን አድርጉ። ጠርዞቹ ከተንቀሳቀሱ እንጨቱ ተሰንጥቋል። ቦክስ ጊታር ከሆነ ክፍሉን አጨልሙና ትንሽ መብራት በቀዳዳው አስገቡ። መስመሩ ብርሃን ካሳለፈ ስንጥቁ ዘልቋል ማለት ነው።

ምክንያቱ በአመዛኙ ድርቀት ነው። የቦክስ ጊታር ፊት ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ለጊታር የሚስማማው የአየር እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ነው። አየሩ ከዚያ በጣም ሲደርቅ እንጨቱ ይኮማተራል። ዙሪያውን በኮላ ስለተያዘ መሄጃ የለውም፤ በእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር አቅጣጫ ይተረተራል። ባለሙያ አጣብቆ ከውስጥ ትንንሽ የእንጨት ድጋፍ ቢለጥፍለት ለዓመታት ያገለግላል። ግን ይህ የአሮጌ ጊታር ሕክምና ነው። አዲሱን መልሱት።

አንድ መስመር ሳይሆን እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ስንጥቅ ካያችሁ አትደንግጡ። ናይትሮሴሉሎስ የተባለውን ቫርኒሽ የተቀቡ ጊታሮች ከብርድ ወጥተው ድንገት ሙቅ ክፍል ውስጥ ሲከፈቱ እንዲህ ይሆናሉ። እንጨቱና ቫርኒሹ እኩል ስለማይለጠጡና ስለማይሸበሸቡ ነው። ድምፁን አይጎዳውም። መልኩ ግን ወደ ነበረበት አይመለስም።

ስንጥቁ አንገቱ አካባቢ ነው

የት ቦታ? መልሱ በዚህ ይወሰናል። በቡሎን በታሰረ ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ አንገቱ የሚገባበት ጎድጓዳ ጥግ ላይ ፀጉር የምታክል መስመር ብዙ ጊዜ ትታያለች። ቀለሙ ከእንጨቱ ይልቅ ደረቅ ስለሆነ ሁለቱ እንጨቶች ሲጫጫኑ እሱ ይሰነጠቃል። አንገቱን ወደ ጎን በቀስታ ገፋ አድርጉ። የክሮቹ መስመር ካልተዛባ አትጨነቁ።

መስመሩ ከጭንቅላቱ ጀርባ፣ ነት ከምትባለዋ ክር ማሳለፊያ ኋላ ከሆነ ግን ለክርክር ጊዜ አታጥፉ። ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ያዘነበለ ጊታር፣ ለምሳሌ ሌስ ፖል የተባለው የኤሌክትሪክ ጊታር ሞዴል፣ እዚያ ቦታ ላይ ደካማ ነው። የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር እዚያ ይቆረጣል፤ ለአንገቱ ማስተካከያ ብረትም ውስጡ ተቦርብሯል። የብረት ክር የሚያስሩበት ቦክስ ጊታር ክሮች ደግሞ ተደምረው 70 ኪሎ ግራም ገደማ ይስባሉ። ዛሬ ፀጉር የምታክለው ነገ ስብራት ናት። ቅናሽ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ብሪጁ ከኋላ ብድግ ያለ ይመስላል

ብሪጅ ፊቱ ላይ የተለጠፈው፣ ክሮቹ የሚታሰሩበት እንጨት ነው። ቀጭን ወረቀት ከኋላው ጠርዝ ስር ለማስገባት ሞክሩ። ከገባ ኮላው እየለቀቀ ነው፤ ይመለስ። ካልገባና ዳር ዳሩ ላይ የደረቀ ኮላ ብቻ ካለ የእጅ ሥራ ጥድፊያ ነው።

ፍሬትቦርዱ ዥንጉርጉር ነው

ይህ ጉድለት አይደለም፤ እንዲያውም ልሟገትለት እወዳለሁ። ፍሬትቦርዱ (ጣት የሚያርፍበት የአንገቱ ፊት) የሚሠራበት ዞጲ የተባለው እንጨት ሁሌ ጥቁር እንደሆነ እናስባለን። ግን ዛፉ እስኪቆረጥ ድረስ ውስጡ ምን እንደሚመስል አይታወቅም። ቴይለር የተባለው ጊታር አምራች እ.ኤ.አ. በ2011 ከአጋሩ ጋር ካሜሩን ውስጥ የዞጲ መሰንጠቂያ ገዛ። ቡናማ መስመር የወጣባቸው ዛፎች ተቆርጠው ጫካ ውስጥ እንደሚጣሉ የታወቀው ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ዥንጉርጉሩንም ይጠቀማል። ድምፁም ጥንካሬውም ያው ነው። በጊታሩ ሣጥን ፊት ላይ እንደ ሐር የሚያብለጨልጭ አግድም ሽንትር ካያችሁም እንጨቱ በትክክለኛው አቅጣጫ መሰንጠቁን ነው የሚያሳየው።

ቶሎ የሚፈቱ

ፒክጋርዱ (ፊቱን ከመጫር የሚከላከለው ስስ ሽፋን) ተጭሯል? የመከላከያውን ላስቲክ ጥግ ብቻ ገለጥ አድርጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የተጫረው ላስቲኩ ነው። ክብ ክብ የመወልወያ ምልክት በጊታር ፖሊሽና በለስላሳ ጨርቅ ይለቃል። የማያብረቀርቅ ቫርኒሽ ላይ ግን ፖሊሽ አታስነኩ፤ የነካችሁት ቦታ ብቻ ያበራል። ፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ አግድም የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ከደበዘዙና ክሩን ሲስቡት ሻካራ ከሆነ፣ ለማስቀመጥ ከወሰናችሁ በኋላ እንጨቱን በወረቀት ፕላስተር ሸፍናችሁ በ0000 ቁጥር የብረት ሱፍ አሿቸው። ኤሌክትሪክ ጊታር ከሆነ የክሩን ንዝረት የሚቀበለውን ፒክአፑንም ሸፍኑ፤ ማግኔቱ ብናኙን ይስባል።

ጉድለቱ የዓይን ብቻ ነው፤ ታዲያ ምን ላድርግ?

አሁን ተጫወቱበት። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። በእያንዳንዱ ክር ላይ ሁሉንም ፍሬት ነክታችሁ ዝዝ የሚል እንዳለ ስሙ። 12ኛው ፍሬት ላይ ያለው ድምፅ ከባዶው ክር ጋር በመቃኛ ሲለካ ያንኑ ኖታ በልኩ ያሳይ። የተቃኘው ጊታር ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ቅኝቱን ለቆ እንደሆነም እዩ።

እኔ የያዝኩት ቦክስ ጊታር ከቀዳዳው አጠገብ የሩዝ ፍሬ የምታክል ጎድጓዳ ነበረችበት። ልመልሰው ካርቶኑ ውስጥ ከትቼው ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ልምታው ብዬ አወጣሁት። የወፍራሙ ክር ድምፅ ደረቴን ነዘረው። እንጨት ከእንጨት ስለሚለይ ተለዋጩ እንዲያ ላይጮህ ይችላል ብዬ አስቀረሁት። ሻጩን በጽሑፍ ቅናሽ ጠየቅሁ፤ ሰጡኝ።

ድምፁ እንዲህ ካልያዛችሁ ወይም ጊታሩን ባነሳችሁ ቁጥር ዓይናችሁ እዚያች ነጥብ ላይ የሚሄድ ከሆነ ያለ ምንም ሐፍረት መልሱት። መለማመድ የማያስመኛችሁ ጊታር ጥግ ላይ ይቀራል። ተለዋጩ ሲመጣ ካርቶኑን ቶሎ አትክፈቱ። የክፍሉን ሙቀት እስኪለምድ ለጥቂት ሰዓታት እንደታሸገ አስቀምጡትና ከዚያ በጥፍራችሁ ጀምሩ።