የሰው ሀብት ሥራዎች ተመላሽ ሒሳብ ሲዛባ፦ ችግርና መፍትሄ

ተመላሽ ማለት ለሥልጠና ወይም ለሌላ የሰው ሀብት ሥራ የወጣው ገንዘብ ምን ያህል ጥቅም ይዞ እንደተመለሰ በመቶኛ የሚያሳይ ቁጥር ነው። ቀመሩ ቀላል ነው። ከጥቅሙ ላይ ወጪው ይቀነሳል፣ የቀረው ለወጪው ይካፈላል፣ በ100 ይባዛል። ጣጣው ያለው «ጥቅም» እና «ወጪ» ብለን የምናስገባው ቁጥር ላይ ነው።

ምልክት፦ ተመላሹ 500 በመቶ ወጣ፤ ፋይናንስ ክፍሉ ግን አልቀበልም አለ

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስሕተት ተደርቦ ነው። በወጪ በኩል የአሠልጣኙ ክፍያ ብቻ ይያዛል፤ በጥቅም በኩል የታየው መሻሻል በሙሉ ለሥልጠናው ይሰጣል።

ገንዘቡን በአማካይ የወር ደመወዝ ለክተን እንየው። 200 ሠራተኞች ካሉት ክፍል በዓመት 40 ሰው ይለቅ ነበር። ሁሉም የ1 ቀን ሥልጠና ወሰዱ፤ በቀጣዩ ዓመት የለቀቁት 28 ሆኑ። አንድ ሰው መተካት 4 ደመወዝ ይፈጃል፣ ለአሠልጣኙ የተከፈለው 8 ደመወዝ ነው እንበል። የ12 ሰው ቅናሽ በ4 ሲባዛ 48 ይሆናል፤ 8 ተቀንሶ ለ8 ሲካፈል 500 በመቶ።

አሁን እናርመው። ሠራተኞቹ ሥልጠና ላይ የዋሉት 200 የሥራ ቀን ነው፤ ወሩን በ22 የሥራ ቀን ስናሰላው ወደ 9 ደመወዝ ይጠጋል። አለቆች ለክትትል ያዋሉት ጊዜ 3 ደመወዝ ቢሆን፣ ከአሠልጣኙ 8 ጋር ጠቅላላ ወጪው 20 ደረሰ። ቀጥሎ ሥልጠናውን ያልወሰደ፣ በሥራ ዓይነትና በሰው ብዛት የሚመሳሰል ክፍል ፈልጉ። እዚያም የለቀቁት ከ40 ወደ 35 ወርደው ከሆነ፣ የ5ቱን ቅናሽ ያመጣው ሥልጠናው አይደለም፤ ምናልባት የሥራ ገበያው ቀዝቅዞ ይሆናል። ለሥልጠናው የሚተርፈው የ7 ሰው ቅናሽ፣ ማለትም 28 ደመወዝ ነው። ከ28 ላይ 20 ተቀንሶ ለ20 ሲካፈል 40 በመቶ ይመጣል። እንደ 500 አያስጨበጭብም፤ ነገር ግን ጥያቄ ሲነሳበት መልስ አለው።

የመተኪያውን ወጪም ከኢንተርኔት አትቅዱ። የማስታወቂያውን ወጪ፣ ቃለ መጠይቅ ያደረጉ ሰዎችን ሰዓት፣ ቦታው ክፍት ሳለ የተከፈለውን የትርፍ ሰዓት ደምሩ። አዲሱ ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 4 ወራት በአማካይ በግማሽ አቅሙ ከሠራ፣ የ2 ወር ደመወዝ እዚያው ሄዷል። ቁጥሩን ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ፋይናንስ ክፍሉ ይፈርምበት። ውጤት ከታየ በኋላ የሚደረግ ስምምነት ድርድር ነው የሚሆነው።

ምልክት፦ የሚነጻጸር ክፍል የለም

ከተቻለ ሥልጠናውን በዙር ስጡ፤ ግማሹ ክፍል አሁን፣ ግማሹ ከ6 ወር በኋላ። ተራ የሚጠብቀው ማነጻጸሪያ ይሆናል። ለሁሉም በአንዴ ተሰጥቶ ካለቀ፣ ቢያንስ የቀደሙትን 12 ወራት አሃዝ በወር በወሩ አስቀምጡና አቅጣጫውን ተመልከቱ። ድሮም እየወረደ ከነበረ፣ ያው መስመር ቢቀጥል የት ይደርስ እንደነበር አስሉ፤ የሚቆጠረው ከዚያ በታች የወረደው ብቻ ነው። የመጨረሻው አማራጭ የሥልጠና ተመላሽ ልኬት ባለሙያው ጃክ ፊሊፕስ ያስፋፋው ዘዴ ነው። አለቆችን «ከመሻሻሉ ስንት በመቶው የሥልጠናው ነው? በግምትህስ ምን ያህል እርግጠኛ ነህ?» ብላችሁ ጠይቁ። 60 በመቶ ካለና 70 በመቶ እርግጠኛ ከሆነ፣ የምትይዙት 42 በመቶውን ነው።

ምልክት፦ ሠልጣኞች ከ5 ነጥብ 4.8 ሰጡ፤ ሥራው ላይ ግን ምንም አልተለወጠም

የሥልጠና ግምገማ ምሁሩ ዶናልድ ኪርክፓትሪክ እ.ኤ.አ. በ1959 ባቀረባቸው አራት ደረጃዎች (ስሜት፣ ትምህርት፣ የሥራ ባሕርይ፣ ውጤት) ሲታይ፣ ልኬቱ የመጀመሪያው ላይ ቆሟል ማለት ነው። በዓይን የሚታይ አንድ ተግባር ምረጡ፤ ለምሳሌ አለቃው በየወሩ ከእያንዳንዱ ሠራተኛ ጋር ለብቻው መነጋገሩን። ከሥልጠናው በፊትና ከ90 ቀን በኋላ ቁጠሩት። ተግባሩ ካልጨመረ ገንዘቡን ማስላት ከንቱ ድካም ነው።

ምልክት፦ ደካማ የነበሩት ቡድኖች በአስደናቂ ሁኔታ ተሻሻሉ

በመጥፎ ሩብ ዓመታቸው የተመረጡ ቡድኖች ምንም ባይደረግላቸውም ብዙዎቹ ወደ አማካያቸው ይመለሳሉ። ከደካሞቹ መካከል ግማሾቹን ለሥልጠናው በዕጣ ምረጡ፤ ዕጣ ያልወጣላቸው ምን ያህል በራሳቸው እንዳገገሙ ያሳያሉ።

ምልክት፦ ብዙ ሰዓት «ተቆጥቧል»፤ በጀቱ ግን ንቅንቅ አላለም

የተቆጠበ ሰዓት ገንዘብ የሚሆነው የትርፍ ሰዓት ክፍያ ሲቀንስ፣ የታቀደ ቅጥር ሲቀር ወይም ምርት ሲጨምር ነው። ሦስቱም ካልታዩ ሰዓቱን ለብቻው ጻፉት እንጂ ከተመላሹ ጋር አትደምሩት።

ምልክት፦ የፕሮግራሞቹ ጥቅም ሲደመር ከጠቅላላው መሻሻል በለጠ

የሥልጠናውም የጥቅማ ጥቅሙም የምልመላውም ባለቤት ያንኑ ቅናሽ ለየራሱ ቆጥሯል። መጀመሪያ ጠቅላላው መሻሻል ስንት እንደሆነ ወስኑ፤ ክፍፍሉ ከዚያ አይበልጥም።

ምልክት፦ በ15 ሰው ቡድን ውስጥ የለቀቁት ከ3 ወደ 1 ወረዱ

ይህ በአጋጣሚም የሚሆን ነው። የ2 ወይም የ3 ዓመት አሃዝ አንድ ላይ እስክታዩ ድረስ በመቶኛ አትጻፉት፤ «3 ነበሩ፣ 1 ሆነ» ይበቃል።