ትንሽ ገንዘብ ከባንክ አፕ ወደ ኦንላይን ካዚኖ ስታስገቡ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አንድ ሺህ ዶላር ካዚኖ ውስጥ የሚያስገባ ሰው ቢያንስ አንዴ ቆም ብሎ ያስባል። አምስት ዶላር የሚያስገባ አያስብም። አፑን ይከፍታል፣ አሻራውን ያስነካል፣ አለቀ። ከዚህ በታች ያሉት ስህተቶች ከሞላ ጎደል «ምን አላት፣ ትንሽ ናት» ከሚል ሐሳብ የሚመጡ ናቸው። ዕድሜያችሁ ካልደረሰ፣ ወይም ያላችሁበት አገር ኦንላይን ካዚኖን ከከለከለ ግን ከነጭራሹ አትጀምሩት። ገንዘባችሁ ቢያዝ አቤት የምትሉበት ቦታ አይኖርም።

ዋናው ስህተት መግቢያውን አይቶ መውጫውን አለማየት ነው። «ከ5 ዶላር ጀምሮ ያስገቡ» የሚለው በትልቁ ይጻፋል። ማውጣት የሚቻለው ዝቅተኛ መጠን ግን ደንቡ ውስጥ ታች ወርዶ ነው የሚገኘው፣ እሱም 20 ወይም 30 ሊሆን ይችላል። አስቡት፣ 5 አስገብታችሁ ቀናችሁና 14 ደረሰ። ደስ ብሏችሁ «አውጣ» የሚለውን ስትጫኑ አይፈቀድም። ያላችሁ ምርጫ 20 እስኪሞላ መጫወት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ 20 ሳይሞላ 14ቷም ትሄዳለች። ሌላም አለ፦ ገንዘብ የሚያስገባ መንገድ ሁሉ ገንዘብ አያወጣም። ስለዚህ ከማስገባታችሁ በፊት ሁለት ነገር ፈልጉ፣ ዝቅተኛ ማውጫው ስንት ነው፣ በምን በኩልስ ነው የሚመለስልኝ።

ቀጥሎ ቦነስ። እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ፣ ምክንያቱም ትንሽ የሚያስገባን ሰው እንደ ቦነስ የሚያታልለው ነገር የለም። 10 ዶላር አስገባችሁ፣ ካዚኖው 10 ጨመረላችሁ። ደንቡ «ቦነሱን 35 ጊዜ ማስያዝ አለባችሁ» ይላል እንበል። 10 በ35 ሲባዛ 350 ዶላር ነው። ይህን ያህል ተወራርዳችሁ ሳትጨርሱ ማውጣት የለም። የምትጫወቱት ስሎት (ምስሎች የሚሽከረከሩበት ጨዋታ) ከሚያዝበት ገንዘብ በአማካይ 96 ከመቶ የሚመልስ ከሆነ፣ ከ350 ላይ 14 ዶላር ይበላችኋል ማለት ነው። የተሰጣችሁ 10፣ በአማካይ የምትከፍሉት 14። አንዳንዱ ካዚኖ ደግሞ ብዜቱን በቦነሱ ብቻ ሳይሆን ራሳችሁ ባስገባችሁት ላይም ያሰላል፤ ያን ጊዜ 700 ሆነ፣ በአማካይ የሚበላውም 28። እንደ ብላክጃክ ያሉት የካርታ ጨዋታዎች ለዚህ ብዜት ብዙ ጊዜ የሚቆጠሩት በከፊል ነው፣ ወይም ጭራሽ አይቆጠሩም። ቦነሱ ሳያልቅ በአንድ ዙር ከተፈቀደው በላይ ካስያዛችሁ ያሸነፋችሁትን ሊሰርዙት ይችላሉ። ደግነቱ ቦነስ ግዴታ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ገንዘብ ማስገቢያው ገጽ ላይ ምልክቱን ማንሳት ይበቃል። ካልተገኘ ከማስገባታችሁ በፊት ለደንበኛ አገልግሎት ጽፋችሁ «ቦነስ አልፈልግም» በሉ፣ መልሱንም ስክሪንሾት አስቀሩት።

ሌላው ገንዘቡን በየጊዜው እንጂ በድምሩ አለመቁጠር ነው። 5፣ ከዚያ 5፣ ከዚያ «የመጨረሻ» 5። እያንዳንዷ ትንሽ ናት። የወሩን ስቴትመንት አውጥታችሁ የካዚኖውን ስም ፈልጉና ደምሩት፣ ብዙ ሰው የሚደነግጠው እዚያ ነው። በነገራችን ላይ 96 ከመቶ ይመለሳል ሲባል «10 ካስገባሁ የምከስረው 40 ሳንቲም ነው» ማለት አይደለም። ስሌቱ በምታስገቡት ሳይሆን በምታስይዙት ላይ ነው። በ20 ሳንቲም በደቂቃ 10 ጊዜ ብታሽከረክሩ በሰዓት 600 ዙር፣ 120 ዶላር አስይዛችኋል። የዚያ 4 ከመቶ 4.80 ዶላር ነው፣ ካስገባችሁት 10 ውስጥ ግማሽ ያህሉ። ያውም አማካዩ ነው፤ በ20 ደቂቃ ባዶ መቅረትም አለ። ብሪታንያ አንድ የስሎት ዙር ከ2.5 ሰከንድ እንዳያንስ የደነገገችው ለዚሁ ነው፣ ፍጥነቱ ራሱ ገንዘብ ስለሚበላ።

የአገልግሎት ክፍያውም እንደዚሁ ነው። በአንድ ዝውውር 1 ዶላር ከተቆረጠ፣ ለ5 ዶላር 20 ከመቶ ነው፣ ለ20 ዶላር 5 ከመቶ። ይሄን ስላነበባችሁ ግን አብዝታችሁ አስገቡ እያልኩ አይደለም። ለወሩ 20 ከመደባችሁ አንዴ አስገቡና በቃ። የካዚኖው ሒሳብ በሌላ አገር ገንዘብ ከሆነ ደግሞ ስታስገቡም ስታወጡም ምንዛሬው ላይ ትቆረጣላችሁ።

በክሬዲት ካርድ ማስገባት? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይሄ ነው። ብዙ ባንኮች እንዲህ ያለውን ክፍያ ጥሬ ገንዘብ እንደመበደር ይቆጥሩታል፤ ወለዱ ከዚያው ቀን ይጀምራል፣ በላዩ ላይ ኮሚሽን አለ፣ ኮሚሽኑም ዝቅተኛ ወለል ስላለው ትንሽ ያስገባ ሰው ነው በይበልጥ የሚጎዳው። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2020 ጀምሮ፣ አውስትራሊያ ደግሞ ከጁን 2024 ጀምሮ ክሬዲት ካርድን ለኦንላይን ቁማር ከልክለዋል።

አሁን ወደ ከባዱ እንምጣ፦ ለግለሰብ አካውንት መላክ። «ኤጀንት ነን፣ በዚህ ስም ላኩ፣ ወዲያው ሒሳባችሁ ላይ ይገባል» የሚል መልእክት ይመጣል፣ ብዙ ጊዜ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ። ፈቃድ ያለው ካዚኖ በማታውቁት ሰው ስም ገንዘብ አይቀበልም። የአካውንቱ ስም ዛሬ አንድ፣ ነገ ሌላ ከሆነ አካውንቶቹ የተከራዩ ናቸው ብላችሁ ጠርጥሩ፤ ባንኩ ከጠረጠራቸው የእናንተም አካውንት ለማጣራት ሊታገድ ይችላል። በራሳችሁ እጅ የላካችሁት ዝውውር ደግሞ አንዴ ከሄደ ማስመለሱ በጣም ከባድ ነው። በካርድ ቢሆን ቢያንስ ያልፈቀዳችሁትን ክፍያ የምትከራከሩበት መንገድ አለ። ፈቃድ አለኝ የሚለውንም ዝም ብላችሁ አትመኑ። ገጹ ግርጌ ላይ የተለጠፈ ዓርማ ማንም የሚለጥፈው ምስል ነው። የፈቃድ ቁጥሩን ወስዳችሁ የተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ራሱ መዝገብ ላይ ፈልጉ፣ የድረ ገጹም አድራሻ በፊደል አንድ መሆኑን አስተያዩ። እና «ገንዘቡ አልገባልህም፣ ላስተካክልልህ» ብሎ የሚመጣው ሰው ኦቲፒ (ባንኩ በስልክ የሚልክላችሁን የአንዴ ማረጋገጫ ቁጥር) ወይም ስክሪን ማጋሪያ አፕ ከጠየቀ ሌባ ነው፣ ክርክር አያስፈልገውም።

በጓደኛ አካውንት ማስገባትም ይቅር። ስም ካልገጠመ ስታስገቡ ዝም ይሏችኋል፣ ስታወጡ ግን ይይዙታል። መታወቂያችሁንም መጀመሪያ ላይ አስመርምሩ እንጂ ያሸነፋችሁ ቀን አትጀምሩት።

ከባንኩ ተቆርጦ ካዚኖው ላይ ካልታየ ደግማችሁ አትላኩ። አፑ ላይ «በመጠባበቅ ላይ» የሚል ከሆነ ገና አልተጠናቀቀም፤ ሁለቴ የሚከፍለው የቸኮለ ሰው ነው። የግብይት ቁጥሩን ቅዱና መጀመሪያ ካዚኖውን፣ ከዚያ ባንኩን ጠይቁ።

ማውጫ ጠይቆ ገንዘቡ እስኪመጣ ባለው ጊዜ መሰረዝ ደግሞ የብዙ ሰው ድክመት ነው። ካዚኖው «ማውጣቱን ሰርዘው ይጫወቱ» የሚል ቁልፍ ፊታችሁ ካስቀመጠ ለእናንተ አስቦ አይደለም። ከጠየቃችሁ በኋላ ከአካውንቱ ውጡ፣ የካርድ ቁጥራችሁንም እዚያ አታስቀምጡ።

የመጨረሻው፣ እጃችሁ ላይ ያለውን መቆለፊያ አለመጠቀም። የብሪታንያዎቹ ባንኮች ሞንዞና ስታርሊንግ እ.ኤ.አ. በ2018 የቁማር ክፍያ ማገጃ አፓቸው ውስጥ አስገቡ፣ ከዚያ ወዲህ ሌሎችም ተከትለዋል። የሚሠራው በካርድ ክፍያ ኮድ ነው፤ የቁማር ድርጅቶች የሚመደቡበት ኮድ 7995 ስለሆነ ባንኩ እሱን ሲያይ ክፍያውን አያሳልፍም። ስለዚህ ለግለሰብ አካውንት የምትልኩትን አይዝም፣ ይሄም ለኤጀንት ላለመላክ ሌላ ምክንያት ነው። ባንካችሁ ማገጃ ከሌለው የቀን ዝውውር ጣሪያውን ዝቅ አድርጉ፣ ወይም የወሩ ገንዘብ ብቻ ያለበት ለብቻው አካውንት ክፈቱ። ተበድራችሁ የምታስገቡ ከሆነ፣ ወይም ከቤት ሰው ደብቃችሁ ከሆነ ግን ጣሪያ ማስተካከሉ አይበቃም። ማገጃውን አብሩ፣ ካዚኖው ውስጥም «ራስን ማገድ» የሚለውን መርጣችሁ ዝጉት። ብሪታንያ ውስጥ ጋምስቶፕ የሚባለው ነጻ አገልግሎት ፈቃድ ካላቸው ድረ ገጾች ሁሉ በአንድ ጊዜ ለ6 ወር፣ ለ1 ዓመት ወይም ለ5 ዓመት ያግዳል፣ የመረጣችሁት ጊዜ ሳያልቅም አይነሳም።