«ብልሆች አያምኑም» የሚል ዜና ሲደርሳችሁ እንዴት ታነቡታላችሁ?

ታናሽ ወንድሜ እምነቱን ከተወ ወዲህ በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ አንድ ዓይነት መልእክት ይልክልኛል፦ «እትዬ፣ ይኸው ተረጋገጠ!» ከሥሩ አማኞች በአእምሮ ፈተና ዝቅ ያለ ውጤት ያመጣሉ የሚል ዜና ይኖራል። እኔ አማኝ ነኝ፤ ሥራዬ ደግሞ ስታትስቲክስ ማስተማር ነው። ስለዚህ መልእክቱ ሁለት ቦታ ይነካኛል። ከእሱ ጋር ስከራከር የለመድኩትን አነባበብ እዚህ ላስቀምጥ። ለእሱ ወገንም ለእኔ ወገንም ይሠራል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ዜናውን ተዉትና ቁጥሩ ከየት እንደ መጣ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ የምትደርሱት የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሚሮን ዙከርማን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ2013 ባሳተመው ሥራ ላይ ነው። ሰዎቹ አዲስ ፈተና አልፈተኑም፤ ቀድሞ የተሠሩ 63 ጥናቶችን ሰብስበው አንድ ላይ መዘኑ። በ53ቱ ብልህነትና ሃይማኖተኛነት በተቃራኒ አቅጣጫ ሲሄዱ፣ በ10ሩ አብረው ሄደዋል። በኮሌጅ ተማሪዎችና በአዋቂዎች ዘንድ በብልህነትና በእምነት ጥንካሬ መካከል ያለው ተዛምዶ (ሁለት ነገሮች ምን ያህል አብረው ወይም ተቃርነው እንደሚሄዱ ከ1 እስከ ከዜሮ በታች 1 የሚለካ ቁጥር፤ ዜሮ ማለት ግንኙነት የለም ማለት ነው) በአማካይ ከዜሮ በታች 0.24 ሆነ። በ2020 ጥናቶቹን ወደ 83 አሳድገው ሲመለሱም ከዚያ ብዙም አልራቁም።

እኛ አማኞች የመጀመሪያውን ስህተት የምንሠራው እዚህ ላይ ነው። «ውሸት ነው» እንላለን። እኔም ጥናቱን ሳላነብ ብዬዋለሁ፤ ወንድሜም ሳላነብ መናገሬ ገባው። ውሸት አይደለም። ግንኙነቱ አለ። ጥያቄው ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ካልኩሌተር ይበቃል። ቁጥሩን በራሱ አባዙት፦ 0.24 ሲባዛ በ0.24 ወደ 0.06 ነው። በሰዎች መካከል ካለው የእምነት ልዩነት ውስጥ ከብልህነት ጋር አብሮ የሚሄደው 6 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው ማለት ነው። ይህ ለብዙ ሰው ደረቅ ስለሚሆን ሌላ ስሌት አስተምራለሁ። ተዛምዶው ትንሽ ሲሆን በ3.14 አካፍሉትና 0.5 ጨምሩበት። 0.24 በ3.14 ሲካፈል 0.076፤ ሲደመር 0.576። ከሕዝብ መካከል ሁለት ሁለት ሰው እያነሳችሁ 100 ጥንድ ብታወዳድሩ፣ በ58ቱ ጥንድ ብልሁ ሰው አነስተኛ እምነት ያለው ይሆናል፤ በ42ቱ ደግሞ ብልሁ የበለጠ አማኝ ነው። ሳንቲም ብትወረውሩ 50 ለ50 ይመጣ ነበር። (ስሌቱ ሁለቱም ነገሮች በሕዝቡ ውስጥ እንደ ቁመት በመደበኛው መልክ ተሰራጭተዋል ብሎ ስለሚነሳ ግምት ነው፤ ለጨዋታ ግን ይበቃል።)

ይህን ለወንድሜ ስነግረው ጥቂት ዝም አለና «58 ግን ከ50 ይበልጣል» አለኝ። ይበልጣል። ጎረቤቱ ብልህ ይሁን አይሁን ከጸሎቱ ተነስቶ ለመገመት ግን አይረዳውም።

ቀጥሎ የሚፈተሸው የጥያቄው ቃል ነው። ብዙ የምቆየው እዚህ ላይ ስለሆነ ታገሡኝ። ጄምስ ሉባ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1914 የአሜሪካ ሳይንቲስቶችን ስለ እግዚአብሔር ጠየቀ። የጠየቀው ግን ስለ ማንኛውም አምላክ ሳይሆን ሰው መልስ እጠብቃለሁ ብሎ ሊጸልይለት ስለሚችል አምላክ ነው። 40 በመቶ ያህሉ አምናለሁ አሉ። ኤድዋርድ ላርሰንና ላሪ ዊታም ከ80 ዓመት በኋላ ያንኑ ጥያቄ ሲደግሙት መልሱ አሁንም ወደ 40 በመቶ ነበር። ሁለቱ በ1998 ያንኑ ተመርጠው የሚገቡ ታላላቅ ሳይንቲስቶች ለተሰበሰቡበት ለአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ አባላት ሲያቀርቡ ግን አምናለሁ ያሉት 7 በመቶ ብቻ ሆኑ። ወንድሜ የሚወደው ቁጥር ይህ ነው። ፒው የተባለው የጥናት ተቋም በ2009 የአንድ ትልቅ የሳይንስ ማኅበር አባላትን ሲጠይቅ ደግሞ አማራጩን ከፈለው፦ 33 በመቶ በእግዚአብሔር እናምናለን፣ 18 በመቶ በሌላ ከፍ ባለ ኃይል እናምናለን አሉ።

ቁጥሮቹ የተለያዩት ለምንድነው? አንደኛ፣ የተጠየቁት ሰዎች አንድ አይደሉም። ሁለተኛ፣ ጸሎት የሚመልስ አምላክና ከፍ ያለ ኃይል አንድ ጥያቄ አይደሉም። ስለዚህ «ሳይንቲስቶች አያምኑም» የሚል ዜና ሲመጣ መጠይቁ በትክክል ምን እንዳለ ካልተጻፈ ቁጥሩን ወደ ጎን አድርጉት። በዙከርማን ሥራም ቢሆን ግንኙነቱ የጠነከረው እምነትን ሲለኩ ነው፤ ሃይማኖታዊ ተግባርን ሲለኩ ላላ ይላል። ቤተ አምልኮ የሚሄድ ሁሉ ያምናል፣ የቀረ ሁሉ ክዷል ማለት ስላልሆነ ይህ አያስደንቅም።

«ብልህነት» የተባለውስ በምን ተለካ? አንዳንዱ ጥናት ሙሉ የአእምሮ ፈተና ይሰጣል፤ አንዳንዱ ሦስት እንቆቅልሽ ብቻ ይጠይቃል። ከሦስቱ አንዱ ይህ ነው፦ ኩሬ ላይ ያለ ተክል በየቀኑ እጥፍ እየሆነ በ48 ቀን ኩሬውን በሙሉ ከሸፈነ፣ ግማሹን በስንተኛው ቀን ሸፈነ? 24 ብላችሁ ከሆነ ብዙ ጓደኛ አላችሁ። መልሱ 47 ነው። ፈተናው በዋናነት የሚለካው መጀመሪያ የመጣልህን መልስ ቆም ብለህ መጠራጠርህን ነው። ጠቃሚ ጠባይ ነው፤ ከብልህነት ጋር አንድ ነው ማለት ግን አይደለም።

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። በ2012 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዊል ገርቬይስና አራ ኖረንዛያን አንድ ማራኪ ሙከራ አወጡ። ተማሪዎች የቀራጺው ሮዳንን «አሳቢው» የተባለ ሐውልት ሥዕል ሲያዩ፣ የዲስክ ወርዋሪ ሐውልት ሥዕል ካዩት ይልቅ እምነታቸው ቀነሰ የሚል ነው። የማሰብ ሥዕል አይቶ እምነት መቀነስ! ለሦስት ዓመት ክፍል ውስጥ አስተማርኩት፤ ተማሪዎቼም ወደዱት። ሰዎቹ 57 ብቻ እንደነበሩ አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም። በ2017 ሌሎች ተመራማሪዎች ከ900 በላይ ሰው ይዘው ሲደግሙት ውጤቱ የለም። ገርቬይስ ራሱም የቀድሞውን ሙከራ ድክመት በግልጽ አምኗል፤ ላከብረው ይገባል። እኔ ግን ሥላይዱን ያጠፋሁት አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ተደግሟል እንዴ?» ካለችኝ በኋላ ነው። እናንተም ይህን ጠይቁ፤ ውጤቱ ይበልጥ በማረካችሁ ቁጥር ደግሞ ይበልጥ።

ማን ተጠየቀ የሚለውም አለ። ዙከርማንና ባልደረቦቹ የሰበሰቧቸው ጥናቶች በአብዛኛው የአሜሪካና የመሰሎቿ አገሮች ናቸው፤ ይህንንም ራሳቸው ጽፈውታል። ገርቬይስ ከብዙ ባልደረቦች ጋር በ2018 በ13 አገሮች 3,461 ሰዎችን ሲያጠና፣ በማሰላሰልና ባለማመን መካከል ያለው ግንኙነት ደካማና ከአገር አገር የሚዋዥቅ ሆኖ አገኘው። አገርን ከአገር በአማካይ የአእምሮ ውጤት ስለሚያወዳድሩት ጥናቶች ብዙ አልልም፤ ጎረቤት አገሮች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉ እንደ ልዩ ልዩ ማስረጃ መቁጠሩ ስህተት ነው፣ ትምህርትና ኑሮም ተቀላቅሎበታል።

ምክንያቱን በተመለከተ ዙከርማንና ባልደረቦቹ ካቀረቧቸው ግምቶች የምወደው አንዱን ነው፦ ብልህ ሰው ከአካባቢው ወግ ለመውጣት ይደፍራል የሚለውን። ይህ ልክ ከሆነ አለማመን ወግ በሆነበት ማኅበረሰብ ግንኙነቱ መላላት፣ ምናልባትም መገልበጥ አለበት። ወንድሜ ይህን ክፍል አይወደውም።

የእኛ ወገን ደግሞ ስም ይደረድራል፦ ኒውተን፣ የዘር ውርስን ያጠናው መነኩሴ ሜንዴል፣ ጠፈር እየሰፋ እንደሚሄድ ያሰላው ቄስ ለሜትር። እውነት ናቸው፤ ግን ስም መደርደር ናሙና አይደለም። በኒውተን ዘመንማ የማያምን ሊቅ ለማግኘት መልፋት ያስፈልግ ነበር። ስም ካስፈለገ የ1979ን የፊዚክስ ኖቤል ውሰዱ። አብዱስ ሰላም በግብዣው ንግግሩ ቁርኣን የጠቀሰ አማኝ ነበር፤ ስቲቨን ዋይንበርግ ደግሞ ሃይማኖትን በግልጽ የሚተች ኢአማኒ። ከሼልደን ግላሾው ጋር ሆነው ሽልማቱን የተካፈሉት ለአንድ ዓይነት ንድፈ ሐሳብ ነው።

እንግዲህ መልእክት ሲመጣ የምመልሰው አጭር ነው፦ ምን ጠየቁ? ማንን? ስንት ሆነ? ተደገመ? ባለፈው ወር ወንድሜ የእኔን ወገን የሚያሞግስ ዜና አግኝቶ በሌሊት ላከልኝ። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «እትዬ፣ ማንን እንደጠየቁ አልጻፉም። እንዳትደሰቺ፣ ተኚ።»