የቆየ የንግድ ሰፈርን መልሶ ለማነቃቃት ከየት ይጀመራል?

የቆየ የንግድ ሰፈር ለማደስ የሚነሳ አካል አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀለም ነው። መጀመር ያለበት ግን ማን በየትኛው ቤት፣ በምን ውል፣ ምን እየሠራ እንደሚተዳደር ከመመዝገብ ነው፤ ፒያሳን ፒያሳ ያሰኙት ሕንፃዎቹ ብቻ ሳይሆኑ ወርቅ ቤቶቹና ኬክ ቤቶቹም ናቸውና። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሰፊው ክፍሉ ከፈረሰ ወዲህ በቀረው ላይ ይህ ምዝገባ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉም የሚከብደው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ በኋላ፣ በአዲስ አበባ መሃል ያሉ በርካታ ሱቆች ከቀበሌ ወይም ዛሬ የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ከሚባለው መሥሪያ ቤት የሚከራዩ ሆነዋል። ጣሪያው ሲያፈስ ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም» ይላል፤ አከራዩም ኪራዩ ለዘመናት ሳይነካ በቆየበት ጊዜ ቤት ለማደስ አልተነሳም። ስለዚህ የጥገናው ወጪ ከኪራይ የሚታሰብበት፣ ተከራዩም ለተወሰኑ ዓመታት እንደማይነሳ የሚያረጋግጥ ውል ሳይፈረም ግንበኛ መጥራት ገንዘብ ማባከን ነው።

ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት የቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ አስቀድሞ መገኘት አለበት።

ጥገናው ከላይ ወደ ታች ይሂድ፦ መጀመሪያ ቆርቆሮው፣ ከዚያ አሸንዳው፣ ግድግዳው ከእነዚህ በኋላ። የጭቃ ግድግዳን በሲሚንቶ መለሰን የተለመደ ጥፋት ነው። ሲሚንቶው እርጥበቱን አፍኖ ስለሚይዝ ውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፤ ልስኑም ጥቂት ክረምት ሳያልፍ ከግድግዳው ይላቀቃል። በኖራና በአሸዋ የተለሰነ ግድግዳ ግን እርጥበቱን ያስወጣል። የእንጨት በረንዳም ቢሆን የበሰበሰው ቁራጭ ብቻ ተለክቶ ይተካ እንጂ ሙሉው አይነሳ። የኤሌክትሪክ መስመሩ ሳይታደስ ሥራው አለቀ አይባልም፤ በጥር 2007 ዓ.ም. በጣይቱ ሆቴል የተነሳው እሳት የቆየ ቤት ለቃጠሎ ምን ያህል የተጋለጠ እንደሆነ አሳይቷል። የሕንፃውን ፊት የሸፈኑ ትላልቅ ታፔላዎች ሲወርዱ ደግሞ ያለ ብዙ ወጪ የሰፈሩ መልክ ይለወጣል።

የመንገድና የፍሳሽ መስመር ሥራ በአንድ ጊዜ በአንድ ወገን ብቻ ይካሄድ፤ የእግረኛ መተላለፊያ በየሱቁ ደጃፍ ይተው። የቁፋሮው ጊዜ ሲወሰንም ነጋዴው ይጠየቅ፤ በጥር፣ በሠርግ ወር፣ የወርቅ ቤቶችን ደጅ መቆፈር የዓመት ገበያቸውን መንጠቅ ነው።