ባለ 9 ቮልት ክራር፦ ከአንዲት አይሲ የሚሰራ ሲንተሳይዘር

የድሮ ሲንተሳይዘር (በኤሌክትሪክ ድምፅ የሚፈጥር መሳሪያ) ፍቅር የያዘው ሰው መጀመሪያ የሚመኘው ሚኒሙግ ነው፣ እኔም እንደዛው። በ1970 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ 44 ቁልፍና ሶስት ኦሲሌተር (ድምፅ አመንጪ) ያለው፣ ዋጋውን ሳየው ላፕቶፑን ዘግቼ ቡና ላፈላ ተነሳሁ። በቃ ራሴ እሰራለሁ አልኩ፣ ጥፋቴ ግን ኪቦርድ ያለው ነገር ልስራ ብዬ መነሳቴ ነው። ኪቦርድ ሲያዩት ቀላል ይመስላል እንጂ ጣጣው እዛ ጋ ነው ያለው፤ ሙግ ላይ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ላይኛው ዶ) ማለት 1 ቮልት ነው፣ ያንን ቮልት ወደ ድምፅ የሚቀይረው ሰርኪዩት ደሞ ሙቀት ይረብሸዋል፣ የድሮዎቹ ሚኒሙጎች ሲሞቃቸው ከቅኝት የሚወጡትም በዚህ ነው። ፋብሪካ የተቸገረበትን ነገር እኔ ጠረጴዛ ላይ ልወጣው ነበር እንግዲህ።

መፍትሄው የመጣልኝ ክራር ሲቃኝ ቁጭ ብዬ ሳይ ነው። ክራር 5 ወይ 6 ክር አለው፣ እያንዳንዱ ክር አንድ ድምፅ ብቻ ነው የሚያወጣው፣ ትቃኘዋለህ ከዛ ትመታዋለህ፣ አለቀ። 40106 የምትባል አይሲ (ባለ 14 እግር ትንሽ ቺፕ) ውስጥ ደሞ ስድስት በር አለ፣ በር ማለት መግቢያው ከፍ ሲል መውጫው ዝቅ፣ መግቢያው ዝቅ ሲል መውጫው ከፍ የሚል ትንሽ ሰርኪዩት ነው፣ እያንዳንዱ በር በአንድ ሬዚስተርና (የኤሌክትሪክ ፍሰት የሚገድብ) በአንድ ኮንደንሰር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም) ራሱን የቻለ ኦሲሌተር ይሆናል። አምስቱን ለትዝታ፣ ስድስተኛውን ለምት ብናደርገውስ? ይሄ ነው የምንሰራው።

የሚያስፈልገው፦ 40106 አይሲ አንድ (ሁለት ግዙ፣ ለምን እንደሆነ እነግራችኋለሁ)፣ ብሬድቦርድ (ያለ ብየዳ እቃ የሚሰካበት ሰሌዳ)፣ ባለ 9 ቮልት ድንጋይ ከነማያያዣው፣ 104 የሚል የተጻፈባቸው ኮንደንሰሮች ስድስት፣ 503 የሚል የተጻፈባቸው በካቻቢቴ የሚዞሩ ትናንሽ ቮሊዩሞች አምስት፣ ባለ 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ስድስት (ቡኒ፣ ጥቁር፣ ብርቱካናማ)፣ ባለ 100 ኪሎ ኦም ስድስት (ቡኒ፣ ጥቁር፣ ቢጫ)፣ ባለ 10 ማይክሮፋራድ ኮንደንሰር ሁለት፣ አምስት በተን፣ አምስት ትናንሽ ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ አንድ ጃክ። ስፒከር አትግዙ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ሄዳችሁ የኦክስ ቀዳዳ (ከውጭ ድምፅ የሚቀበልበት) ያለው የድሮ ቴፕ ፈልጉ፣ ካሴት ማጫወቻው ባይሰራም ግድ የለም፣ እንደውም ባይሰራ ዋጋው ይቀንስላችኋል። 74ኤችሲ14 የሚባል ተመሳሳይ አይሲ አለ፣ "ያው ናት" ብለው ቢሰጧችሁ እንዳትቀበሉ፣ እሷ የ5 ቮልት ናት፣ በ9 ቮልት ትቃጠላለች።

አይሲዋ ጫፏ ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ምልክት አለች። ምልክቷን ወደ ላይ አድርጋችሁ ስታዩ ከግራ ከላይ ያለችው እግር 1 ናት፣ በግራ በኩል ወደ ታች እስከ 7 ትቆጥራላችሁ፣ ከዛ ከቀኝ ከታች 8 ብላችሁ ወደ ላይ እስከ 14። 14 ላይ የድንጋዩ ፖዘቲቭ፣ 7 ላይ ኔጋቲቭ። እኔ የመጀመሪያ ቀን ገልብጬ ሰካሁትና ምንም ድምፅ የለም፣ ምን ሆና ነው ብዬ አይሲዋን በጣቴ ስነካት ቁጥሯ ቆዳዬ ላይ ሊታተም ምንም አልቀረው። ሁለት ግዙ ያልኩት ለዚህ ነው።

አሁን አንድ ክር እንስራ። ከእግር 1 ወደ ኔጋቲቭ አንዱን 104 ኮንደንሰር። ከእግር 2 ወደ እግር 1 ባለ 10 ኪሎ ሬዚስተርና ትንሿን ቮሊዩም ተከታትለው (የቮሊዩሟ የመሀል እግርና አንዱ የዳር እግር ይበቃል)። ነገሩ እንዲህ ነው የሚሰራው፦ እግር 2 ከፍ ሲል ኮንደንሰሩ በሬዚስተሩ በኩል ቀስ እያለ ይሞላል፣ የሆነ ከፍታ ላይ ሲደርስ በሩ ይገለበጥና እግር 2 ዝቅ ይላል፣ ያኔ ኮንደንሰሩ መፍሰስ ይጀምራል፣ ሲወርድ እንደገና ይገለበጣል፣ ይሄ በሰከንድ በመቶዎች ጊዜ ሲደጋገም ጆሯችን ድምፅ ይለዋል። ሬዚስተሩ ሲጨምር መሙላቱ ይዘገያል፣ ድምፁ ይወፍራል። በነዚህ ቁጥሮች ከ200 ኸርዝ (በሰከንድ 200 ጊዜ) በታች እስከ 1000 አካባቢ ታገኛላችሁ፣ ትክክለኛው ግን ከአይሲ አይሲ ስለሚለያይ በካልኩሌተር አትድከሙ።

ድምፁን ለመስማት ከእግር 2 ባለ 100 ኪሎ ሬዚስተር፣ ከሱ በተን፣ ከበተኑ ወደ አንድ የጋራ መስመር። ከጋራ መስመሩ ወደ ኔጋቲቭ ባለ 10 ኪሎ፣ ከዛው መስመር ወደ ጃኩ ጫፍ ደሞ ባለ 10 ማይክሮፋራዱ፣ ፕላሱ ወደ ሰርኪዩቱ። የጃኩ ሌላኛው እግር ኔጋቲቭ ላይ። ባለ 10 ኪሎውን አትዝለሉት፣ 9 ቮልቱ ቀጥታ ቴፑ ውስጥ እንዳይገባ ወደ 1 ቮልት ገደማ የሚያወርደው እሱ ነው። በሄድፎን አትጀምሩ፣ ጆሮ መለዋወጫ የለውም።

የመጀመሪያዋ ድምፅ ስትወጣ ዝንብ ጠርሙስ ውስጥ የገባች ነው የምትመስለው። እናቴ ከጓዳ "ፍሪጁ ምን ሆኖ ነው?" ብላ መጣች። ስኩዌር ዌቭ (ከፍና ዝቅ ብቻ የሚል፣ መሀል የሌለው ሞገድ) ስለሆነ ነው፣ ይነዝራል፣ እኔ የበገናን እንዚራ (ክሩን የሚያነዝረውን ቆዳ) ስለሚያስታውሰኝ እወደዋለሁ፣ ለሚረብሸው ግን ከጋራ መስመሩ ወደ ኔጋቲቭ 103 የተጻፈበት ኮንደንሰር ቢያስገባ ጫፉ ይለዝባል። ፊልተር ማለት ይሄው ነው፣ የሙጉ ከኛው በጣም የጠነከረ ነው እንጂ ስራው ያው ነው።

አንዱ ከሰራ ሌሎቹ ኮፒ ናቸው። መግቢያና መውጫቸው 3 ወደ 4፣ 5 ወደ 6፣ 9 ወደ 8፣ 11 ወደ 10፣ 13 ወደ 12 ነው፣ በቀኝ በኩል መግቢያው ትልቁ ቁጥር መሆኑን ልብ በሉ፣ ሰው ሁሉ እዚህ ጋ ይሳሳታል። ገና ያልሰራችሁበት መግቢያ ካለ ከኔጋቲቭ ጋር እሰሩት፣ ባዶውን ከተዋችሁት እጃችሁን ባስጠጋችሁ ቁጥር ይለፈልፋል። የተረፈችውን 104 ደሞ በ14 እና በ7 መሀል አይሲዋ ስር አስጠግታችሁ አድርጓት፣ እሷ ከሌለች ኦሲሌተሮቹ በድንጋዩ በኩል ይሰማማሉ፣ የተቀራረቡት ተያይዘው አንድ ድምፅ ይሆኑና ብትቃኙም አይለያዩም። እኔ ይሄን ሳላውቅ አንድ ሙሉ ቅዳሜ አቃጥያለሁ።

ቅኝት። ስልካችሁ ላይ ማንኛውንም ቱነር አውርዱና አንድ አንድ በተን እየተጫናችሁ በካቻቢቴ አዙሩ፦ 262፣ 294፣ 330፣ 392፣ 440 ኸርዝ። ይሄ ትዝታ ሜጀር ነው። ትዝታ ማይነር ከፈለጋችሁ ሁለት ብቻ ነው የሚነካው፣ 330ው ወደ 311 ይወርዳል፣ 440ው ወደ 415። አምባሰል ደሞ 262፣ 277፣ 349፣ 392፣ 415 ነው፣ ከትዝታ ሜጀር አንደኛውና አራተኛው ባሉበት ይቆያሉ። ባለ ክራሩም የሚያደርገው ይሄንኑ ነው፣ ሌላ ቅኝት ሲፈልግ ክሮቹን ያጠብቃል ያላላል እንጂ ሌላ ክራር አያነሳም። ቱነሩ አረንጓዴ ካበራ በኋላ ግን ስልኩን አስቀምጡትና ሶስተኛዋን ድምፅ በጆሯችሁ ትንሽ ነካ ነካ አድርጓት፣ ማሲንቆ ላይ የሰማችሁት ትዝታ ቱነር አይቶ የተቃኘ አይደለም።

ስድስተኛው በር (13 ወደ 12) ላይ በ104 ፈንታ ሁለተኛውን ባለ 10 ማይክሮፋራድ፣ ማይነሱን ወደ ኔጋቲቭ አድርጋችሁ፣ ከ12 ወደ 13 ደሞ ባለ 100 ኪሎ ብቻ አድርጉ። በሰከንድ አንዴ ገደማ የሚመላለስ ምት ይሆናል። ከእግር 12 ወደ አምስቱ መግቢያዎች (1፣ 3፣ 5፣ 9፣ 11) አንድ አንድ ዳዮድ፣ ቀለበቷ ወደ መግቢያው። ምቱ ከፍ ሲል ሁሉም ዝም ይላሉ፣ ዝቅ ሲል ይዘፍናሉ። 100 ኪሎውን አውጥታችሁ የብርሃን ሬዚስተር (ሲጨልም የሚጨምር) ከተካችሁበት እጃችሁን ስትጋርዱ ምቱ ይዘገያል፣ ልጆች ይሄን ካዩ አይለቋችሁም።

ድንጋዩ እየደከመ ሲሄድ ቅኝቱ ይንሸራተታል፣ ስለዚ ለመቅዳት ሲሆን በአዲስ ድንጋይ ቃኙ። ቀረጻ ላይ የኔ ምክር ብቻውን አትተዉት ነው፣ አንድ የእንጨት ወይ የቆዳ መሳሪያ ጨምሩበት። የዋልያስ ባንዱ ኪቦርድ ተጫዋች ኃይሉ መርጊያ በ1985 እ.ኤ.አ. ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንን ከሙግና ከሮድስ (የኤሌክትሪክ ፒያኖ) ጋር ብቻውን ሲቀዳ ያ አልበም በ2013 እንደገና ታትሞ የውጭ ሰው ይሻማበታል ብሎ ያሰበ አልነበረም፣ እንደገና ሲታተም እሱ ታክሲ እየነዳ ነበር። እኔ ኪቦርዱን ታክሲው ውስጥ ይዞ ደንበኛ ሲጠብቅ ይለማመድ እንደነበር ሳነብ ነው "ቦታ የለኝም" ማለት የተውኩት።

ማብሪያ ማጥፊያ ስላላደረግንለት ስትጨርሱ ድንጋዩን ንቀሉት።