በአሜሪካ ሪጅናል አየር መንገድ ለተቀጠረ አዲስ ረዳት አብራሪ፦ ከክላስ በፊት እስከ መጀመሪያዎቹ 100 ሰዓታት

ሰዓታችሁን ሞልታችሁ፣ ቃለ መጠይቁን አልፋችሁ፣ ክላስ (የኩባንያው ሥልጠና) የምትገቡበት ቀን ከተነገራችሁ አውሮፕላን ማብረር ትችላላችሁ ማለት ነው፤ ባትችሉ አይቀጥሯችሁም ነበር። በሪጅናል አየር መንገድ ሥልጠና ላይ ሰው በአብዛኛው የሚሰናከለው በእጅ ብቃት ማነስ አይደለም። የኩባንያውን የአሠራር ቅደም ተከተልና ኮልአውቶች (በበረራ ላይ ጮክ ተብለው የሚነገሩ የተወሰኑ ቃላት) በቃሉ ሳይዝ ሲሙሌተር ውስጥ ስለሚገባ ነው። ቀጣዩን እርምጃ ለማስታወስ የሚጨነቅ አእምሮ አውሮፕላኑን ይረሳል። ፍጥነቱ ሲያልፍ፣ ከፍታው ሲዛነፍ አያይም።

ሪጅናል የሚባሉት እንደ ስካይዌስት፣ ሪፐብሊክ፣ ኤንቮይና ኢንዴቨር ያሉት ናቸው። በዩናይትድ፣ በዴልታና በአሜሪካን ስም እስከ 76 መቀመጫ ባላቸው ጄቶች መንገደኛ ያጓጉዛሉ፤ አዲስ ገቢ በአብዛኛው ኤምብራየር 175 ወይም ሲአርጄ ላይ ይመደባል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከአብራሪነት ትምህርት ቤት የወጣ ወጣት በጥቂት መቶ ሰዓት የቀኝ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ይችላል። አሜሪካ ግን 1500 ሰዓት ትጠይቃለች፤ በአቪዬሽን የ4 ዓመት ዲግሪ ከታወቀ ፕሮግራም ላገኘ 1000 ይበቃል። ሕጉ የመጣው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2009 በበፋሎ ከተማ አቅራቢያ ወድቆ 50 ሰው ከገደለው የኮልጋን በረራ 3407 በኋላ ነው። አውሮፕላኑ ዛሬ በኢትዮጵያ የአገር ውስጥ መስመሮች ላይ የሚበረው ዳሽ 8-400 ዓይነት ነበር። አደጋው የሰዓት መስፈርቱን ብቻ ሳይሆን የዕረፍት ሕጉንም ቀይሯል፤ ከታች እመለስበታለሁ።

ከክላስ በፊት ወረቀት

መጀመሪያ ስማችሁን ተመልከቱ። የእኛ የኢትዮጵያውያን ስም የራስ፣ የአባትና የአያት ስለሆነ አንዱ ሰነድ ላይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ተጽፎ ይገኛል። ፓስፖርት፣ የኤፍኤኤ (የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን) ፈቃድ፣ የሕክምና ሰርተፍኬት፣ ሶሻል ሴኩሪቲና መንጃ ፈቃድ ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን። ካልሆነ የኋላ ታሪክ ማጣሪያውና የአውሮፕላን ማረፊያ ባጁ ይዘገያሉ፤ በሌላ ኩባንያ አውሮፕላን ጃምፕሲት (ትርፍ የሠራተኛ ወንበር) ላይ ለመሳፈር የሚያስፈልገው የኮምፒውተር ማረጋገጫም አያልፍላችሁም።

የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ቢኖረውም፣ ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት የቲኤስኤን (የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት) የበረራ ሥልጠና ማጣሪያ ማለፍ አለበት። የጣት አሻራና ክፍያ ስላለው ኩባንያው እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ በተቀጠራችሁ ሳምንት ቅጥር ክፍሉን ጠይቁ። የኤፍሲሲ (የኮሙኒኬሽን ኮሚሽን) የሬዲዮ ኦፕሬተር ፈቃድም አውጡ፤ ፈተና የለውም፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። አንደኛ ደረጃ የሕክምና ሰርተፍኬት ከ40 ዓመት በታች ላለ ለ12 ወር፣ ከዚያ በላይ ላለ ለ6 ወር ነው የሚያገለግለው። ቀኑ በሥልጠናው መሀል የሚያልቅ ከሆነ ቀድማችሁ አድሱት።

ቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ

ኩባንያው ማኑዋሎቹን የሚልክላችሁ ከክላስ በፊት ከሆነ እነዚያ ሳምንታት ወርቅ ናቸው። የኮክፒቱን ፎቶ በተቻለ መጠን ወደ እውነተኛው መጠን አስጠግታችሁ አሳትሙ፣ ግድግዳ ላይ ለጥፉ፣ ፊት ለፊቱ ወንበር አስቀምጡ። የመጀመሪያው ሥራ እያንዳንዱ ማብሪያ የት እንዳለ ዓይን ሳይፈልግ እጅ እንዲያገኘው ማድረግ ነው። ቀጥሎ ፍሎው ይመጣል፦ ከላይኛው ፓነል ጀምሮ እጃችሁ በቅደም ተከተል እየተጓዘ፣ አፋችሁ የምትነኩትን እየጠራ። ቼክሊስት የሚነበበው ፍሎው ካለቀ በኋላ የተረሳ እንዳለ ለማጣራት ነው። ቼክሊስቱን እያነበቡ ማብሪያ መፈለግ ፍሎው አለመጠናቱን ያሳብቃል፤ አስተማሪው ወዲያው ያየዋል።

ሊሚቴሽን (የአውሮፕላኑን ገደቦች) እና ሜሞሪ አይተም (በአደጋ ጊዜ በቃል የሚሠሩ እርምጃዎችን) በካርድ ጻፉ፤ ጥያቄው በአንድ ፊት፣ መልሱ በጀርባ። ለምሳሌ የኤምብራየር 175 ከፍተኛ የበረራ ከፍታ 41,000 ጫማ ነው፤ ፍላፕ (ከክንፉ የሚዘረጋው ክፍል) 1 ላይ ከ230 ኖት (ኖቲካል ማይል በሰዓት) በላይ፣ ፍላፕ ፉል ደግሞ ከ165 ኖት በላይ አይወጣም። ሜሞሪ አይተም ቃል በቃል ይያዛል፤ በግምት የቀረበ መልስ እንደ ስህተት ይቆጠራል። በቀን 20 ደቂቃ ለካርዱ፣ 40 ደቂቃ ለፍሎው በየቀኑ መስጠት ቅዳሜን ሙሉ ከማጥናት ይሻላል።

ኮልአውት በዝምታ አይጠናም። ጮክ ብላችሁ፣ ማኑዋሉ በጻፈው ቃል በእንግሊዝኛ በሉት። ከሁሉም በላይ ጎ አራውንድን (ማረፍን ትቶ እንደገና ወደ ላይ መውጣትን) ደጋግሙ፤ በሥራ ላይ ብዙ ስለማይገጥም አፍ ላይ አይመጣም፣ ሲመጣም ሁለት ሦስት ነገር በአንድ ላይ ይጠይቃል፦ ኃይል፣ የአፍንጫ ከፍታ፣ ፍላፕ፣ ከዚያ አውሮፕላኑ መውጣቱ ሲረጋገጥ ጎማ መሰብሰብ። ጎማውን ከፍላፑ በፊት መጥራት የአዲስ ገቢ የታወቀ ስህተት ነው።

ከጓደኛ የተገኘ ያለፈ ዓመት ማጠቃለያ አትጠቀሙ። ማኑዋል ይታደሳል፤ የድሮ ኮልአውት አንዴ አፍ ላይ ከተለመደ ማስለቀቁ አዲስ ከመማር ይከብዳል።

ሲሙሌተርና ቼክራይድ

ሥልጠናው እንደ ኩባንያው ከ2 እስከ 3 ወር ገደማ ይወስዳል፦ የኩባንያ ሕግና ደንብ፣ የአውሮፕላኑ ሲስተሞች፣ የፕሮሲጀር ማሠልጠኛ፣ ከዚያ ሙሉ ሲሙሌተር። ሲሙሌተር ላይ አጋር ይመደብላችኋል። ከእሱ ጋር ማታ ማታ ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አድርጋችሁ የነገውን ትምህርት ከመነሳት እስከ ማረፍ ተለማመዱት፤ አንዱ ሲያበር ሌላው እየተከታተለ፣ ከዚያ ተለዋወጡ። ደካማ አጋር ቢደርሳችሁም ይህን አትተዉ፤ ለእሱ ስትሉ የምታስረዱት ነገር ለራሳችሁም ይጸናል።

በመነሳት ላይ ሞተር ሲጠፋ የሚያጠፋው ጥድፊያ ነው። እግራችሁ ራደሩን (የጅራቱን መሪ) ይያዝ፣ አፍንጫው በቁጥጥር ሥር ይሁን፣ ፍጥነቱ ይጠበቅ። በአብዛኛው ኩባንያ ከ400 ጫማ በፊት ሌላ ነገር አይጀመርም። ከዚያ በኋላም የትኛው ሞተር እንደጠፋ ሁለታችሁም አይታችሁ ሳትስማሙ የሞተር ሌቨር አይነካም።

ወደ ኋላ እየቀራችሁ እንደሆነ ከተሰማችሁ በሦስተኛው ትምህርት ላይ ተናገሩ፤ እስከ ቼክራይዱ (የበረራ ፈተናው) ዋዜማ አትጠብቁ። ከፈተና በፊት የተጨመረ የልምምድ ክፍለ ጊዜ የወደቃችሁበት ፈተና አይደለም፤ ያልታለፈ ቼክራይድ ግን በኤፍኤኤ የአብራሪዎች መዝገብ ውስጥ ገብቶ ቀጣዩ ቀጣሪ ሁሉ ያየዋል። ለብዙዎቻችን እርዳታ መጠየቅ እንደ ሽንፈት ይሰማናል። እዚህ ቦታ ላይ ዝምታ ሥራ ያሳጣል።

መንገደኛ ይዞ መብረር

ቢያንስ ሁለት በረራ ኮክፒት ውስጥ ቁጭ ብላችሁ ታያላችሁ፤ ከዚያ ከቼክ ካፒቴን (ከሚገመግማችሁ ካፒቴን) ጋር በጄት ቢያንስ 25 ሰዓት ትበራላችሁ። በዚህ ውስጥ ቢያንስ 4 በረራ፣ ከእነሱም 2 እናንተ እያበራችሁ መሆን አለበት። ቼክራይዱን ካለፋችሁ በኋላ ባሉት 120 ቀናት ውስጥ 100 ሰዓት መሙላት ግዴታ ነው። በዓይነቱ 100 ሰዓት እስክትሞሉ ከመደበኛ ካፒቴን ጋር ስትበሩ ማኮብኮቢያው ላይ ውሃ፣ በረዶ ወይም ጭቃማ በረዶ ካለ፣ የፍሬን ሁኔታው ከጥሩ በታች ከተባለ፣ የጎን ነፋስ ከ15 ኖት ካለፈ፣ እይታው ሦስት አራተኛ ማይል ወይም ከዚያ በታች ከሆነ፣ ወይም ዊንድሺር (ድንገተኛ የነፋስ ለውጥ) ከተዘገበ መነሳትም ማረፍም የካፒቴኑ ነው። ሰዓታችሁን ራሳችሁ ቁጠሩ፤ ካፒቴኑ ሳይጠይቃችሁ በብሪፊንጉ ላይ «እስካሁን 40 ሰዓት ነው ያለኝ» በሉ።

ከትንሽ አውሮፕላን ለመጣ ሰው ጄት ላይ ትልቁ ችግር ቁልቁል መውረድ ነው። ጄት በአንድ ጊዜ መውረድም ፍጥነት መቀነስም አይወድም፤ አዲስ አብራሪ ግን ሁለቱን አብሮ ይፈልግና ወደ ማኮብኮቢያው ከፍ ብሎና ፈጥኖ ይደርሳል። ሒሳቡን ከኮምፒውተሩ ጎን በጭንቅላታችሁ ያዙ። የምትወርዱትን ከፍታ በሺህ ጫማ በ3 አባዙ፤ ከ35,000 ወደ 5,000 ከሆነ 30 በ3፣ 90 ኖቲካል ማይል። ለምትቀንሱት እያንዳንዱ 10 ኖት 1 ማይል ጨምሩ፣ ከኋላ ነፋስ ካለም ጨምሩ። የመውረጃው ፍጥነት ደግሞ የመሬት ፍጥነታችሁ በ5 ሲባዛ ነው፤ በ400 ኖት 2000 ጫማ በደቂቃ። ከ10,000 ጫማ በታች ፍጥነቱ 250 ኖት ስለሆነ እዚያ ስትደርሱ ለማኮብኮቢያው 30 ማይል ገደማ ከቀራችሁ ደህና ናችሁ። 1000 ጫማ ላይ ፍጥነቱ፣ ኃይሉና የፍላፑ ሁኔታ ካልተስተካከለ ጎ አራውንድ ነው። ማንም አይቆጣችሁም።

ከ10,000 ጫማ በታች ከበረራው ውጪ ወሬ የለም። በ3407 ኮክፒት ውስጥ እየወረዱ ሳለ ከበረራው ጋር ያልተገናኘ ጭውውት ይካሄድ ነበር፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ሁለቱም በጊዜ አላዩትም፤ ስቶል (ክንፉ ማንሳት የሚያቆምበት ሁኔታ) እየቀረበ መሆኑን የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ሲነቃነቅም ካፒቴኑ አፍንጫውን ወደ ታች በመልቀቅ ፋንታ ወደ ላይ ጎተተው።

ክረምት ላይ፣ በረዶ የማያውቅ አገር ያደጋችሁ በተለይ፣ የማጽጃ ፈሳሽን ሥራ ተማሩ። ብርቱካናማው ዓይነት 1 የተጣበቀውን በረዶ ያስወግዳል፤ አረንጓዴው ዓይነት 4 ደግሞ አዲስ እንዳይጣበቅ ይከላከላል። የመከላከያው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ርጭት ሲጀመር እንጂ ሲያልቅ አይደለም። ሰዓቱን ያኔውኑ ጻፉ፤ ወረፋው ሲረዝም ተመልሳችሁ መረጨት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ሪዘርቭ፣ ዕረፍትና መንገድ

በሪጅናል ሁሉም ነገር፣ ቤዝም (የሥራ መነሻ ከተማም) ፈረቃም ዕረፍትም፣ በሲኒየሪቲ (በቅጥር ቅደም ተከተል) ነው። በአንድ ክላስ ውስጥ ደረጃው ብዙ ጊዜ በዕድሜ ወይም በሶሻል ሴኩሪቲ የመጨረሻ አሃዞች ስለሚወሰን አትከራከሩበት። መጀመሪያ ሪዘርቭ ላይ ትቀመጣላችሁ፦ በተሰጣችሁ ሰዓት ውስጥ ስልክ ሲደወል ተነሥቶ መሄድ። የአጭር ጥሪ ሪዘርቭ በአንድ ጊዜ ከ14 ሰዓት አይበልጥም። ከሥራ በፊት 10 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል፤ በውስጡም 8 ሰዓት ያልተቋረጠ የመኝታ ዕድል መኖር አለበት። በማንኛውም 168 ሰዓት ውስጥ 30 ተከታታይ ነፃ ሰዓት ይገባችኋል። ከ3407 በኋላ የመጣና ከጃንዋሪ 2014 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለ ሕግ ነው፤ የዕረፍት ሰዓቱን የፕሮግራም ክፍሉ እንደሚጠብቅላችሁ አትመኑ፣ ራሳችሁ ደምሩት። ደክሟችሁ ለመብረር ብቁ ካልሆናችሁ ያንን መናገር የእናንተው ግዴታ ነው።

ቤዛችሁ ቺካጎ ሆኖ ዲሲ ወይም ሲያትል የምትኖሩ ከሆነ ዓመቱ ከባድ ይሆናል። ከቻላችሁ ቤዙ ያለበት ከተማ ግቡ። ካልቻላችሁ ለመኝታ የጋራ ቤት ተከራዩ፣ ከሪዘርቭ ሰዓታችሁ በፊት ቢያንስ ሁለት በረራ የሚቀርላችሁ አድርጋችሁ ጉዞ ጀምሩ። ጃምፕሲት የሚጠየቀው በቅድሚያ በር ላይ ካለው ሠራተኛ፣ ከዚያ ከካፒቴኑ ነው፤ ፈቃዱ የእሱ ነው፣ ወርዳችሁ ስትሄዱም አመስግኑ። በሙከራው ዓመት አንድ ያመለጠ ፈረቃ ብዙ ማብራሪያ ያስከትላል።

ክፍያው በበረራ ሰዓት ነው፤ ሪዘርቭ ላይ ብዙ ጊዜ በወር 75 ሰዓት አካባቢ ዋስትና አለ። በጀታችሁን በዚያ ላይ ሥሩ። ምግብ በአብዛኛው የራሳችሁ ጉዳይ ስለሆነ ምግብ ቀዝቅዞ የሚቆይበት ቦርሳ ያዙ፤ ዐቢይ ጾም ላይ የኤርፖርት ምግብ ቤት ውስጥ የጾም ነገር ማግኘት ያስቸግራል። ረመዳንንም ሆነ ጾመ ፍልሰታን ስትጾሙ ግን ውሃና ምግብ ሳይቀምሱ አምስት በረራ መሥራት የብቁነት ጥያቄ ነውና ከንስሐ አባታችሁ ወይም ከሼኻችሁ እና ከአቪዬሽን ሐኪማችሁ ጋር አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

መናገር

ታላቅን አለመቃወም ያደግንበት ጨዋነት ነው፤ ኮክፒት ውስጥ ግን አደጋ ነው። ካፒቴኑ ሃያ ዓመት የበረረ ቢሆንም የተሳሳተ ከፍታ ሲያስገባ ካያችሁ ወዲያው በሉ፦ ያያችሁትን፣ ያሰጋችሁን፣ መደረግ ያለበትን። «ከፍታው 11,000 ነው የተባልነው፣ 10,000 ገብቷል፣ ተቆጣጣሪውን ልጠይቅ?» እንዲህ ያለ አጭር ንግግር ማንንም አያዋርድም። ሬዲዮ ላይ ያልሰማችሁትን አትገምቱ፤ ድገሙልኝ በሉ።

ስህተት ተፈጥሮ ከሆነ ከሥራ ስትወጡ በኩባንያው የደኅንነት ሪፖርት ፕሮግራም ላይ ጻፉ፤ ጎን ለጎን የናሳውን የበረራ ደኅንነት ሪፖርት ቅጽ ሙሉ። ሆን ተብሎ ላልተደረገ ጥሰት ከኤፍኤኤ ቅጣት የሚያስጥለው የናሳው ሪፖርት በ10 ቀን ውስጥ የገባ እንደሆነ ነው። የላካችሁበትን ማረጋገጫም አስቀምጡት።