«ስንት ሰዓት ጀመርክ?»፦ ከመጠጥ በኋላ መሪ መቼ ይያዛል

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ የጭነት መኪና ግቢ የስምሪት ሥራ ነው የምሠራው። ከዚያ በፊት ራሴ ኤፍኤስአር እነዳ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ሾፌሮቹ ወደ አዳማ ሲነሡ ቁልፍ የሚቀበሉት ከእኔ ነው። ያኔ «ጠጥተሃል ወይ?» ብዬ አልጠይቅም። «ስንት ሰዓት ጀመርክ? ምን ያህል ጠጣህ?» ነው የምለው። ጠጥቶ ያደረ ሁሉ «ተኝቼ ነው የመጣሁት» ይላል። እውነቱን ነው፣ ተኝቷል። ጉበት ግን ሰው ስለተኛ አይፈጥንም።

ስሌቱን እንደማስተምራቸው ልንገራችሁ። ከጠጣነው አልኮል በትንፋሽ፣ በላብና በሽንት እንዳለ የሚወጣው ጥቂት ነው። ቀሪውን የሚያቃጥለው ጉበት ነው፤ እሱም በራሱ ፍጥነት። 70 ኪሎ የሚመዝን ጤነኛ ወንድ በሰዓት 7 ግራም ገደማ ያቃጥላል። 5 በመቶ አልኮል ያለው 330 ሚሊ ሊትር ቢራ ውስጥ ደግሞ 13 ግራም አለ። ስለዚህ ለአንድ ጠርሙስ 2 ሰዓት ያዙ። መቁጠር የሚጀመረው የመጀመሪያውን ከቀመሳችሁበት ሰዓት ነው።

ማታ 1 ሰዓት ላይ ጀምሮ 6 ቢራ የጠጣ ሰው 12 ሰዓት ያስፈልገዋል። ነጻ የሚሆነው ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ነው። 8 ከጠጣ ረፋዱ 5 ሰዓት ይሆናል። ይህ ሰው 11 ሰዓት ላይ ግቢዬ ሲደርስ ያቃጠለው አምስቱን ብቻ ነው። ሦስቱ ገና ሰውነቱ ውስጥ ናቸው። ሦስት ቢራ አሁን ጠጥቶ ለሚመጣ ሰው ቁልፍ እሰጣለሁ? አልሰጥም።

ጃምቦ ድራፍት ከጠርሙስ ስለሚበልጥ 3 ሰዓት ያዙለት። አንድ መለኪያ አረቄ ትንሽ ቢመስልም ከአንድ ቢራ አያንስም፤ ዳግም አረቄ እስከ 45 በመቶ ይደርሳል። የሚያስቸግረው ጠላና ጠጅ ነው። የቤት ጠመቃ ጥንካሬው አይጻፍበትም፤ የአንዱ ቤት ከሌላው ይለያል። ጠጅ የቢራን እጥፍ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን አብዝቶ መቁጠር ነው የሚሻለው። ሴቶችና ቀጫጭን ሰዎችም ሰዓት ይጨምሩ፤ ያው መጠን በእነሱ ደም ውስጥ ከፍ ይላል።

እኔ ይህን የተማርኩት ገላን ላይ ነው። ክርስትና ተጠርቼ እስከ ሌሊቱ 6 ሰዓት ጠላም አረቄም ጠጣሁ። አራት ሰዓት ተኛሁ። በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ፣ ሁለት ስኒ ቡና ጠጣሁ፣ ነቃሁ። እውነትም ነቅቼ ነበር። መኪናውን ወደ ኋላ ሳስገባ ረዳቴ ከኋላ ሆኖ እየመራኝ ነበር። «ቁም!» ሲል ሰማሁት። ፍሬኑን የያዝኩት ግን ዘግይቼ ነው። በእሱና በግድግዳው መካከል የቀረው ክንድ አይሞላም ነበር። ልጁ ምንም አልሆነም። ድምፁ ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ።

ቡና እንቅልፍ ያባርር ይሆናል እንጂ አልኮሉን አይነካም። ጫትም እንደዚያው። ይባስ ብሎ ቅሞ በጨብሲ የሚሰብር ሰው ስካሩ ስለማይሰማው ብዙ ይጠጣል። ቀድሞ መብላት አልኮሉ ደም ውስጥ የሚገባበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ከገባ በኋላ ግን አያወጣውም። ማስቲካና ነጭ ሽንኩርት ለአፍ ሽታ ናቸው። የትንፋሽ መመርመሪያው የሚለካው ከደም ወደ ሳንባ የሚመጣውን ነው። በብዙ አገሮች ሕግ ጣሪያው በአንድ ሊትር ደም 0.5 ወይም 0.8 ግራም ነው። ሰውነት በሰዓት የሚቀንሰው ደግሞ 0.15 ግራም ገደማ ነው።

አልኮል ያለበት የአፍ ማጠቢያ የተጠቀመ ሰው ምንም ሳይጠጣ መመርመሪያው ከፍ አድርጎ ሊያሳየው ይችላል። 15 ደቂቃ ጠብቆ መድገም ይህን ያጣራል።

ለሥራ ቅጥር ምርመራ የሚሄዱ ልጆች «ስንት ቀን ይታያል?» ይሉኛል። እንደ ምርመራው ነው። በትንፋሽ፣ ብዙ ከተጠጣ፣ እስከ 24 ሰዓት ሊታይ ይችላል። አልኮሉ ሲፈርስ የሚተወውን ኢቲጂ የሚባል ምልክት የሚፈልግ የሽንት ምርመራ እስከ 3 ቀን ያገኘዋል። ፔዝ የሚባለው የደም ምርመራ ከ2 እስከ 4 ሳምንት፣ የፀጉር ደግሞ እስከ 3 ወር ወደ ኋላ ያያል። እነዚህ መጠጣትህን ነው የሚናገሩት፤ አሁን መንዳት መቻልህን አይደለም።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ። ጠዋት ካልጠጣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በግቢያችሁ ካለ «ዛሬውኑ ተው» ብላችሁ አትተዉት። ለረጅም ጊዜ በየቀኑ ብዙ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊይዘውና ሊሞትም ይችላል። ጤና ጣቢያ አብራችሁት ሂዱ።

ባለፈው ሰኞ ሌሊት አንዱ ልጅ መጣ። «አራት ጃምቦ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጀምሬ» አለኝ። እውነቱን ስለነገረኝ አመሰገንኩት። አብረን ቆጠርን፦ 12 ሰዓት፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ያልቃል። እኔ አንድ ሰዓት ጨመርኩበት። ጭነቱን ለሌላ ሾፌር አዞርኩ። ጋቢዬን ሰጠሁትና ጋቢናው ውስጥ ተኛ። 3 ሰዓት ላይ ፊቱን ታጥቦ መጣ፣ ቁልፉን ሰጠሁት።